ምዕራፍ 7፦ ሻጋታው የመጣው በአራተኛው ቀን አይደለም

ሰኞ የተጋገረ እንጀራ ሐሙስ ከመሶብ ሲወጣ ጠርዙ ላይ ነጭ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይገኝበታል። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠረች እንጀራውን ወደ መስኮት ወስዳ በብርሃን ታየዋለች፤ ከዚያ ታሸተዋለች። «ሻግቷል» ካለች አበቃ። እሱን ብቻ ሳይሆን ከሥርም ከላይም የነካውን ታነሣለች፤ መሶቡንም አራግፋ ፀሐይ ታስመታዋለች። ልጅ ሳለሁ ሻጋታው ረቡዕ ሌሊት ከሆነ ቦታ ተነሥቶ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ሻጋታው ግን የመጣው ሰኞ ነው። እንጀራው ከምጣድ ወጥቶ ሰፌድ ላይ ሲበርድ በዓይን የማይታይ የሻጋታ ዘር ከአየሩ እየረገፈ አርፎበታል። ማክሰኞና ረቡዕ ሥር ሲሰድ፣ ክር ሲዘረጋ ቆየ። ሐሙስ ያየነው ፍሬውን ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምናወራው ስለ ሳንባ ነው፤ ነገር ግን ይህን መሶብ እስከ መጨረሻው አንረሳውም። በኢንፍሉዌንዛ ወይም በኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባ ሰው ጥቂት ቀን ቆይቶ ሐኪሙ «አሁን ደግሞ ፈንገስ ተገኝቶበታል» ሲል፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ሆስፒታሉ ቆሽሾ ነው? መሣሪያው ነው? አስታማሚው ይዞት ገብቶ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንዳንዴም መልሱ ከእነዚህ አንዱ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፈንገሱ ከየትም አልመጣም። ድሮም እዚያው ነበረ፤ በየቀኑ ይገባ ነበር፤ በየቀኑም ይጠረግ ነበር። የተለወጠው የሚገባበት ቤት ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውን የኅዳር በሽታ ስናነሣ፣ በዚያ የዓለም ወረርሽኝ ከሞቱት አብዛኞቹን ለሞት ያበቃቸው ኢንፍሉዌንዛው ብቻውን እንዳልነበር አይተናል። ቫይረሱ በሩን ሰበረ፤ ተከትሎ የገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነበር የጨረሳቸው። ዛሬ ለባክቴሪያው አንቲባዮቲክ አለን። ከቫይረስ ኋላ የሚከተለው ግን ባክቴሪያ ብቻ አይደለም። ፈንገስም ይከተላል፤ ፈንገስን ደግሞ አንቲባዮቲክ አይነካውም።

የፍሎረንሱ ካህን ያየው

ሻጋታ ከዘር እንደሚበቅል ሰው ሁሉ ከጥንት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ብዙዎች ከብስባሹ በራሱ የሚወጣ ነገር ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1729 ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ የተባለ የፍሎረንስ ካህንና የዕፅዋት ተመራማሪ የሻጋታን ዱቄት ከአንድ ፍሬ ወስዶ ትኩስ የሐብሐብ ቁራጭ ላይ እንደ ዘር ዘራው፤ የዘራውም ሻጋታ ያንኑ መልክ ይዞ በቀለ። ከዚያ በማጉያ ሲያየው የአንዱ ሻጋታ ቅርጽ የገዛ ሙያውን አስታወሰው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካህኑ የተባረከ ውኃ የሚረጭበት፣ እጀታ ያለው፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መሣሪያ አለ፤ በላቲን አስፐርጊሉም ይባላል። ሚኬሊም ሻጋታውን አስፐርጊለስ ብሎ ሰየመው። በዚህ ምዕራፍ ደጋግመን የምንጠራው ስም ይህ ነው።

ሚኬሊ ያየውን ዛሬ ማንኛውም ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ማየት ይችላል። ግልጽ የማጣበቂያ ፕላስተር ሻጋታው ላይ ቀስ ብሎ ተጭኖ ይነሣል፤ ሰማያዊ ቀለም በተንጠባጠበበት መስታወት ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የተወሳሰበ ክር ነው፤ የተፈታ ጥጥ ይመስላል። ማጉያው ሲጨመር ከክሩ መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ይታያል፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያበጠ ራስ አለ፤ ከራሱ ላይ ደግሞ ዶቃው እንደ መቁጠሪያ ተሰድሮ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ክሩ የሚበላው ክፍል ነው፤ ምግቡን እያሟሟ ይመጥጣል። ዶቃው ዘሩ ነው፤ ባለሙያዎች ስፖር ይሉታል። አንድ ራስ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ስፖር አለ፤ በትንሽ ንፋስ ይረግፋል። (ይህን የሚሞክር መምህር አፍንጫና አፉን ይሸፍን፤ አስም ያለበትን ተማሪም ከሻጋታው ያርቅ።)

ከአስፐርጊለስ ዓይነቶች ሰውን አብዝቶ የሚያሳምመው ፉሚጋተስ የሚባለው ነው። ቤቱ የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ነው፦ የገለባ ክምር፣ ፍግ፣ የረገፈ ቅጠል። በማለዳ የፍግ ክምር ሲገለበጥ እንፋሎት ሲወጣው ያየ ሰው ክምሩ ውስጡ ምን ያህል እንደሚሞቅ ያውቃል። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ከ50 ዲግሪ በላይ በሚደርስ እንደዚያ ያለ ሙቀት ውስጥ መኖርን የለመደ ነው። አብዛኛው የምድር ፈንገስ የሰውን 37 ዲግሪ አይችለውም፤ ከብዙ ሺህ ዓይነቶች ጥቂቶቹ ብቻ የሚያሳምሙን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለፉሚጋተስ ግን የእኛ ሰውነት ለብ ያለ ቦታ ነው።

መጠኑም ያግዘዋል። አንዱ ስፖር ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ነው፤ ከ20 እስከ 30 ያህሉን ጎን ለጎን ብንደረድር የአንድ ፀጉር ውፍረት ይሆናል። ይህን የሚያህል ነገር አፍንጫ አያስቀረውም፤ እስከ ሳንባው ጥግ ድረስ ይወርዳል። እያንዳንዳችን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር እንዲህ ያለ ስፖር እንተነፍሳለን። እርስዎ ይህን ገጽ እያነበቡ ሳለ የተወሰኑት ገብተዋል።

የጤፍ ማሳው እና ዘበኞቹ

ታዲያ ሳንባችን ለምን እንደ ሐሙስ እንጀራ አይሻግትም? እርጥብ ነው፤ ሞቃት ነው፤ ዘሩም ሳያቋርጥ ይወርድበታል። እንጀራው ከኮምጣጣነቱ በቀር ራሱን የሚከላከልበት የለውም፤ ሳንባ ግን በየደቂቃው የሚጠረግ መሶብ ነው።

የአየር ቧንቧዎቻችንን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ጫፋቸው ላይ ከሽፋሽፍት የሚቀጥኑ ፀጉር መሰል ነገሮች አሏቸው። በላያቸው ስስ የአክታ ንጣፍ ይንሳፈፋል። ነፋስ የሚያወዛውዘውን የጤፍ ማሳ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል፤ ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ። ልዩነቱ የሳንባው ማዕበል ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ መሆኑ ነው፤ በሴኮንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይመታል። አክታው ላይ የተለጠፈ አቧራና ስፖር ቀስ እያለ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፤ እኛም ሳናውቀው ውጠነው ወደ ጨጓራ አሲድ እንልከዋለን።

ከዚህ አምልጦ እስከ አየር ከረጢቶቹ የሚወርድ ስፖር አለ። እዚያ በአምስተኛው ምዕራፍ የተዋወቅናቸው በላተኛ ሴሎች ይጠብቁታል። በዚያ ምዕራፍ የግቢ ዘበኛ ብለናቸው ነበር። ስፖሩን ይውጡታል፤ ውጠውም በውስጣቸው ባለ ከረጢት ይፈጩታል። ስፖሩ ፋታ ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ያብጥና ክር ያወጣል፤ ክሩ ከረዘመ ዘበኛው ሊውጠው አይችልም። ያን ጊዜ ከደም ውስጥ ሌላ ኃይል ይጠራል፦ ነትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ የሰውነት ፈጥኖ ደራሾች። ክሩን ከበው የሚያቃጥል ኬሚካል ያፈሱበታል።

ማሳው፣ ዘበኛው፣ ፈጥኖ ደራሹ፦ እነዚህ ሦስቱ ደህና እስካሉ ድረስ አስፐርጊለስ ያለማቋረጥ የሚሸነፍ ፍጡር ነው። በዚህ የተነሣ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች በሽታውን የሚጠብቁት ከጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ነበር፤ የደም ካንሰር ታመው መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴላቸውን ካጠፋባቸው፣ ወይም የሌላ ሰው አካል ተተክሎላቸው መከላከያቸው በመድኃኒት ከተያዘ ሰዎች። ሌላው ሰው አያሳስባቸውም ነበር።

በረዶ የመታው ማሳ

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ገብቶ የሚራባው በእነዚያው ባለ ፀጉር ሴሎች ውስጥ ነው። ተራብቶ ሲወጣ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ከግድግዳው ተልጠው ይረግፋሉ። በጥቅምት በረዶ የመታውን የጤፍ ማሳ ያየ ገበሬ ምስሉን ያለ እኔ እገዛ ይረዳዋል፦ ትናንት ሲወዛወዝ የነበረው ዛሬ መሬት ላይ ተኝቷል። ወደ ላይ የሚጠርግ የለም። የተላጠው ግድግዳ ደግሞ እርጥብና የተራቆተ ነው፤ ስፖር ለመብቀል ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ዘበኞቹም ከቫይረሱ ጋር በሚደረገው ውጊያ ተጠምደዋል።

ኢንፍሉዌንዛን ተከትሎ የመጣ ገዳይ አስፐርጊለስ በሕክምና መጽሔት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን እንደ ብርቅ ነገር ይታይ ነበር። ነገሩ ብርቅ አለመሆኑን በቁጥር ያሳዩት የቤልጂየምና የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ናቸው። በሰባት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በኢንፍሉዌንዛ የተኙ 432 ሰዎችን መዝገብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አወጡ። ከ432ቱ 83ቱ ማለትም 19 በመቶው የአስፐርጊለስ የሳንባ በሽታ ይዟቸዋል። በሌላ የሳንባ ምች እዚያው ክፍል ከተኙት መካከል ቁጥሩ 5 በመቶ ነበር። ፈንገሱ ከያዛቸው የኢንፍሉዌንዛ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በ90 ቀን ውስጥ ሞተዋል፤ ካልያዛቸው 28 በመቶው።

እኔን ከሁሉ ያስደነገጡኝ በዚያው ጥናት ውስጥ ያሉ ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው፣ ካንሰርም የአካል ንቅለ ተከላም የሌላቸው፣ ከኢንፍሉዌንዛው በፊት መከላከያቸው ደህና የነበረ ሰዎች 14 በመቶው በፈንገሱ ተይዘዋል። ሐኪሞች «አያሳስቡም» ይሏቸው የነበሩት ማለት ናቸው። ሁለተኛው፣ ፈንገሱ የተገኘው ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገቡ በአማካይ በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስት ቀን አጭር ነው። ከሆስፒታሉ አልጋ ያገኙት ቢሆን በዚህ ፍጥነት ሳንባ ውስጥ ገብቶ፣ በቅሎ፣ አሳምሞ መገኘቱ ያስቸግራል። ብዙዎቹ ስፖሩን ከቤታቸው፣ ከመንገዱ፣ ከአትክልት ቦታቸው ይዘውት መጥተዋል። እንጀራው መሶብ ከመግባቱ በፊት ሰፌድ ላይ ነበር።

የሚያድነው መድኃኒት የሚጠይቀው ዋጋ

ኮቪድ ሲመጣ ሌላ ነገር ተጨመረ። በስድስተኛው ምዕራፍ እንዳየነው፣ በጽኑ ኮቪድ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሳንባውን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ የገዛ መከላከያችንም ነው። ዘበኞቹ ሌባውን ሲያሳድዱ ቤቱን ያፈርሱታል። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የመሩት ሪከቨሪ የተባለ የብሪታንያ ሙከራ፣ ርካሹና የቆየው ዴክሳሜታሶን ይህን ቁጣ በማብረድ ሕይወት እንደሚያድን አሳየ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱ 100 ሰዎች 41 ያህሉ በ28 ቀን ውስጥ ሲሞቱ፣ ከወሰዱት የሞቱት 29 ያህል ናቸው። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው ለነበሩት ጥቅሙ አነስ ያለ ቢሆንም ነበረ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ምንም አልጠቀመም። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ህንድ ስንሄድ ትመለሳለች።

ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለዘበኛው «ተረጋጋ» ይለዋል፤ ዘበኛውም ይረጋጋል። የተረጋጋ ዘበኛ ስፖሩን መዋጡን አይተውም፤ የዋጠውን መፍጨቱን ግን ያዘገያል። ስፖሩ በዘበኛው ሆድ ውስጥ ሳይሞት ይቆያል፤ ይበቅላል፤ ሆዱን ቀድዶ ይወጣል። ሁለተኛው ዋጋ ደግሞ ስቴሮይድ የደም ስኳርን ከፍ ማድረጉ ነው፤ የስኳር ሕመም በሌለበት ሰው ላይ እንኳ።

ይህን ስጽፍ መድኃኒቱን ለመንቀፍ አይደለም። ኦክስጅን ያነሰውን የኮቪድ ሕመምተኛ ዴክሳሜታሶን መንፈግ ስሕተት ነው። ሙከራው የሰጠው ግን ልክ ያለው ነገር ነበር፦ በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን፣ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው። ሦስቱም ልኮች ትርጉም አላቸው።

ህንድ፣ የ2021 በጋ

ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮቪድ ሁለተኛ ማዕበል ህንድን አጥለቀለቃት። ሆስፒታል ሞላ፤ ኦክስጅን ጠፋ። ሰው ቤቱ ተኝቶ በስልክ በደረሰው የመድኃኒት ዝርዝር ራሱን ማከም ጀመረ። በዝርዝሩ ውስጥ ስቴሮይድ ነበረበት፤ ኦክስጅኑ ላልወረደም፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በትልቅ መጠን፣ ለብዙ ቀን። የሚፈራ ሰው፣ አልጋ ያጣ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ልፈርድበት አልችልም።

ከዚያ ከኮቪድ አገገምን ያሉ ሰዎች በአንድ በኩል ፊታቸውን እያመማቸው፣ ዓይናቸው እያበጠ፣ ጥርሳቸው እየተነቃነቀ መምጣት ጀመሩ። በሽታው ሙኮርማይኮሲስ ነው፤ ጋዜጦች «ጥቁር ፈንገስ» አሉት። አምጪው በአብዛኛው ራይዞፐስ የሚባለው ሻጋታ ነው፤ ዳቦ ላይ እንደ ጥቀርሻ የሚወጣው፣ እንጀራችንንም ከሚያሻግቱት አንዱ የሆነው። እስከ ሐምሌ 2021 ድረስ የህንድ መንግሥት ከ45,000 በላይ ሕሙማንና ከ4,000 በላይ ሞት መዝግቧል። ራጃስታን በግንቦት ወር ወረርሽኝ ብላ አወጀች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ።

ስሙ ግን ያሳስታል። ፈንገሱ ራሱ ሥጋውን ጥቁር ቀለም አልቀባውም። የራይዞፐስ ክር የደም ሥር ግድግዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ደሙ እዚያው ይረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ የሞተ ሥጋ ይጠቁራል። ቦዩ የተዘጋበት መደብ እንደሚደርቀው ነው። ይህን መረዳት ሌላውንም ክፉ ነገር ያስረዳል። መድኃኒት ወደ ሥጋ የሚደርሰው በደም ነው፤ ደሙ ከተቋረጠ መድኃኒቱም አይደርስም። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሞተውን ሥጋ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነበረባቸው። ፈንገሱ ከአፍንጫ ጎን ካለው ባዶ አጥንት ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ አንጎል ሊያልፍ ሲል ሕይወትን ለማትረፍ ዓይን የወጣላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ለምን ህንድ? መላ ምቱ ብዙ ነበር፦ የኦክስጅን ማርጠቢያው ውኃ፣ የፋብሪካ ኦክስጅን፣ ደጋግሞ የታጠበ ማስክ። በማስረጃ ጠንክሮ የቆመው ግን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስኳር ነው። በ2019 ግምት በህንድ 77 ሚሊዮን ያህል አዋቂ ከስኳር ሕመም ጋር ይኖር ነበር፤ ብዙው ሳያውቀው። ሙኮርማይኮሲስም ከኮቪድ በፊት እዚያ ከሌላው ዓለም ብዙ እጥፍ ይታይ ነበር። ስኳር ከልክ ሲያልፍና ደም አሲዳማ ሲሆን ሰውነት እንደ ጎተራ እህል አሽጎ የያዘው ብረት ይፈታል፤ ራይዞፐስ ደግሞ ብረት ካገኘ የሚያቆመው የለም። ሁለተኛው ያለ ልክ የተወሰደ ስቴሮይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በ16 የህንድ የሕክምና ማዕከላት የተደረገ ጥናት የኮቪድ ታሪክ ያላቸውን 187 የሙኮርማይኮሲስ ሕሙማን አግኝቷል፤ አብሮ አብዝቶ የተገኘው ችግር ቁጥጥር የሌለው የስኳር ሕመም ነበር፤ ያለ አግባብ የተሰጠ ስቴሮይድም ተመዝግቧል። ጥናቱ የወጣው ትልቁ ማዕበል ከመድረሱ በፊት በተሰበሰበ መረጃ ነው። ምልክቱ አስቀድሞ ነበረ።

ይህን ታሪክ የህንድ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። በእኛም ከተሞች ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ያለ ማዘዣ ገዝቶ ለሳል፣ ለአለርጂ፣ ለቁርጥማት የሚውጥ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ስኳሩን ተለክቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ከዚያ ይበዛል።

እንጉዳይ ዘመዳችን

ፈንገስን ማከም ለምን እንዲህ አስቸጋሪ ሆነ? ምክንያቱ ዝምድና ነው። እንጉዳይ ከመሬት ስለሚበቅል ከተክል ወገን ይመስላል። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ግን ፈንገስና እንስሳ ከአንድ ግንድ ወጥተው የተለያዩ ናቸው፤ ተክል ከዚያ ቀድሞ ተለይቷል። እንጉዳይ ከጤፉ ይልቅ ለሚያርሰው በሬ ይቀርባል፤ ለአራሹም እንደዚሁ። ባክቴሪያ ከእኛ እጅግ የራቀ ስለሆነ እሱን ገድሎ እኛን የማይነካ መድኃኒት ማግኘት ይቀላል። የፈንገስ ሴል ግን አሠራሩ የእኛን ይመስላል። የወንድማማቾች ቤት ቁልፍ እንደሚመሳሰል ማለት ነው፤ ለአንዱ የተሠራ መፍቻ የሌላውንም በር ይነካካል።

አንድ ግልጽ ልዩነት አለ። የሴላችንን ስስ ሽፋን የሚያጠነክረው ቅባት ኮሌስትሮል ነው፤ የፈንገሱ ደግሞ ኤርጎስቴሮል የሚባል የቅርብ ዘመዱ። አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት ኤርጎስቴሮልን እየፈለገ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከቬኔዙዌላ፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ በመጣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ተሕዋስ ተገኘ። ሕይወት ያድናል፤ ግን አልፎ አልፎ ኮሌስትሮሉንም ስለሚይዝ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሲሰጥ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያንቀጠቅጣል። ኋላ በቅባት ተጠቅልሎ የተሠራው ዓይነቱ ጉዳቱ ያነሰ፣ ዋጋው ግን የከበደ ነው። በ2021 በህንድ ያለቀው ይኸው ነበር፤ ቤተሰብ ከከተማ ከተማ ብልቃጥ ፍለጋ ዞሯል።

መድኃኒቱ ለኢትዮጵያ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። በሁመራና በመተማ ቆላ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ ወጣቶችን የሚይዘው ካላዛር የሚታከምበት አንዱ መድኃኒት ነው። የካላዛር ጥገኛ ፈንገስ አይደለም፤ ነገር ግን በሴሉ ሽፋን ውስጥ ኤርጎስቴሮልን የሚመስል ቅባት አለው። ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ብልቃጥ የሚገናኙት በዚህ ነው።

ለአስፐርጊለስ በቅድሚያ የሚመረጠው ቮሪኮናዞል ነው። ቮሪኮናዞል ግን ራይዞፐስን አይገድልም። ስለዚህ «ፈንገስ ነው» ማለት አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ በተሳሳተ ግምት የሚያልፍ ቀን ሕይወት ያስከፍላል። ይህንንም መድኃኒት የሚቋቋሙ አስፐርጊለሶች ብቅ ብለዋል፤ በኔዘርላንድስ ምክንያቱ ሲፈለግ ጣቱ ያመለከተው ወደ እርሻው ነው፤ ለአበባና ለእህል የሚረጨው ፀረ ሻጋታ ከሰው መድኃኒት ጋር አንድ ቤተሰብ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ሲያወጣ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን ከመጀመሪያው ረድፍ አስቀመጠው።

አክታ ውስጥ መገኘቱ ምን ይነግረናል?

ምንም ላይነግረን ይችላል። የታመመ ሰው አክታ ላብራቶሪ ተልኮ አስፐርጊለስ ቢበቅልበት፣ ያው በየቀኑ የሚገባው ስፖር ሊሆን ይችላል፤ የጤነኛም ቢላክ ሊበቅል ይችላል። ደም ቢመረመር ደግሞ፣ በኮቪድ ጊዜ ፈንገሱ ብዙውን ጊዜ የአየር ቧንቧው ውስጥ ስለሚቆይ ደሙ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። አስተማማኙ መንገድ ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ የሳንባውን ጥግ በጨው ውኃ አጥቦ፣ በእጣቢው ውስጥ ከፈንገሱ ግድግዳ የሚረግፈውን የስኳር ዓይነት መለካት ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ብዙ ሆስፒታል ይህን ተወ፤ ቱቦው ቫይረሱን ወደ ሐኪሙ ፊት ይረጨዋል ተብሎ። ፍርሃቱ ተገቢ ነበር። ስንት ሰው ሳይታወቅለት እንደሞተ ግን ከእንግዲህ መቁጠር አይቻልም።

ቤተሰብ የሚያየው ምልክትም ግልጽ አይደለም። ትኩሳቱ በአንቲባዮቲክ አይወርድም፤ መሻል የጀመረው ትንፋሽ ተመልሶ ይከፋል፤ አንዳንዴ አክታው ደም ይቀላቅላል። የሙኮርማይኮሲስ ምልክት ይለያል፤ ከኮቪድ በኋላ በአንድ ጎን ብቻ የሚያም ፊት፣ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ንፍጥ፣ ያበጠ የዓይን ቆብ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት። ይህን ያየ ሰው ነገ ሳይል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። አስታማሚም ሐኪሙን ሁለት ነገር መጠየቅ አያሳፍረውም፦ ዛሬ ስኳሩ ስንት ነው? ስቴሮይዱ የሚያበቃው መቼ ነው?

ከኢንፍሉዌንዛ የተረፈ ሰው ሳንባ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠገን ይጀምራል። ከተላጠው ግድግዳ ሥር የቀሩት ሴሎች ይከፈላሉ፤ መጀመሪያ ፀጉር የሌለው ስስ ሽፋን ያለብሱታል፤ ከሳምንታት በኋላ በላዩ ፀጉሩ መብቀል ይጀምራል። ሳሉ የሚቆየው እስከዚያ ድረስ ነው፤ የሚጠርግ ነገር ባልበቀለበት ቦታ ሰውነት በሳል ይጠርጋል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ስፖሩ መግባቱን አላቋረጠም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ሳያስተውለው፣ ማዕበሉ እንደገና ወደ ላይ መምታት ይጀምራል።